ስለ አይስበርግ ጽጌ ረዳ የተነገረ ትምህርት

የጽጌ ረዳ ወገኑ ብዙ ነው። ከወገኖቹም አንደኛው ፍሎሪቡንዳ ይባላል፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ አበባው የበዛለት ማለት ነው። አንዳንዱ ጽጌ ረዳ በአንድ ዘንግ ላይ አንድ ትልቅ አበባ ብቻ ሲያወጣ፥ ፍሎሪቡንዳ ግን በዘንጉ ጫፍ ብዙ አበባ አሰባስቦ ያወጣል።

ከዚህ ወገን ስሙ እጅግ የታወቀው አይስበርግ የተባለው ነጭ አበባ ነው። ያስገኘውም ጀርመናዊው የአትክልት ሊቅ ራይመር ኮርደስ ነው። ይህ ሰው ሮቢን ሁድ የተባለውን ቀይና ቪርጎ የተባለውን ነጭ ጽጌ ረዳ አዳቅሎ፥ ከዘራቸው የበቀለውን መርጦ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. አወጣው። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጽጌ ረዳ ማኅበራት ኅብረት ዓለም የወደደው ጽጌ ረዳ ብሎ መረጠው።

ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ እሾሁ ጥቂት፥ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፥ ሽታው ቀላል ነው። የጠወለገው አበባ ከነዘንጉ ሲቈረጥለት እንደ ገና ያብባል፤ ባይቈረጥ ግን ኃይሉን ለፍሬው ይሰጣል። ነውሩም እርጥበት በበዛበት ስፍራ ቅጠሉን ጥቁር ነጥብ የሚባለው በሽታ መያዙ ነው። ስለዚህ ነፋስ እንዲያገኘው አራርቆ መትከል፥ ውሃውንም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አለማፍሰስ፥ የረገፈውንም ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ሊስተዋል የሚገባው ነገር ይህ ነው። የአይስበርግ ፍሬ ቢዘራ የሚበቅለው አይስበርግ አይደለም፤ ከቀይና ከነጭ የተወለደ ነውና ልጁ ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል። ዛሬ በየአገሩ ያለው አይስበርግ ሁሉ ከዚያች ከአንዲት ተክል እየተቈረጠ፥ በሌላ ጽጌ ረዳ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ወይም በመሬት እየተተከለ የተራባ ነው። የሚቈርጠውና የሚተክለው እጅ ቢታጣ፥ ፍሬው በምድር ላይ ሞልቶ ሳለ አበባው ከዓለም ይጠፋል።

አስተማሪም ይህን ለተማሪዎቹ በዓይናቸው ሊያሳያቸው ይችላል። በደጁ ካለው ከማናቸውም ጽጌ ረዳ አንድ ስንዝር የሚያህል የጠነከረ ቅርንጫፍ ቈርጦ፥ እኩሌታውን በለሰለሰ አፈር ቀብሮ፥ በጥላ ውስጥ እያጠጣ ይጠብቅ። ሥር ሰዶ ሲያብብ፥ አበባው ከተቈረጠበት ተክል ጋር አንድ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ያያሉ። ሽማግሌዎችም በግቢያቸው ያለውን መልካም ተክል እንዲህ አድርገው ለጎረቤት ቢያካፍሉ፥ የአንዱ ቢደርቅ የሌላው ይተርፋል።