ክንዱን መሬት አስነኩት

የጋራዥ ባለቤቶች፣ ኦፕሬተሮች፣ በማኅበር ተደራጅታችሁ ማሽን ለመግዛት የምታስቡ ወጣቶች፤ በሲዳማ ወግ ሰው ተሰብስቦ ሲመክር «አፊኒ?» ይባላል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። እዚህ ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ይህን ቃል ቢያስቀድም ያምርበታል። እኔም በገዛ እጄ ነክቼ ያወቅሁትን ላሰማችሁ ነው የቆምኩት።

እዚያ ጥግ ላይ ያለውን ቢጫ የመቆፈሪያ ማሽን፣ ባክሆውን፣ አይታችሁታል። ስገዛው ዓመታት ከአንድ ግቢ ሳይነቃነቅ ቆሞ፣ ካቢኑ ውስጥ ዶሮ ይፈለፍልበት ነበር። ሻጩ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሰጠኝ። ከሥራ ስመለስና እሑድ እሑድ ግቢዬ ውስጥ ስጠግነው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ፈጀብኝ። ጩኸቱን የታገሡኝ ጎረቤቶቼ እዚህ አሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አሮጌ ማሽን ማንሳት ለምን እንዳስፈለገ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። እጅ ያለው ሰው እጁን ቢጠቀም ምን ይገርማል?

ብዙዎቻችን ባክሆ ሁሉ «ጄሲቢ» ነው የሚመስለን። የስሙ ባለቤት ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ዩቶክሲተር በምትባል ከተማ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ተከራየ፤ መሣሪያው በ1 ፓውንድ የገዛው ያገለገለ የብየዳ ማሽን ነበር። መጀመሪያ የሠራው ከጦርነት በተረፈ ብረት የበየደውን ገልባጭ ተጎታች ነው። ገበያ አውጥቶ በ45 ፓውንድና በአንድ አሮጌ ጋሪ ሸጠው። ጋሪውንም ጠግኖ ሸጠው! የመጀመሪያውን ባክሆ በትራክተር ላይ የገጠመው ከዚያ በኋላ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ በርሜል ወደ ምድጃ ሲለወጥ ካያችሁ፣ የዚህን ሰው ሥራ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ስለዚህ ቁርጥራጭ ብረት ለቅሞ ማሽን ማስነሳት ማንም የሚያፍርበት ነገር አይደለም።

ግን ማሽን ስጠግን ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ዕቃ ሥራ ላይ ቢሰበር ማሽኑ ይቆማል ወይስ ሰው ላይ ይወድቃል? ማሽኑ ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ የፈለጋችሁትን ፍጠሩ። የእኔ ባክሆ መቀመጫ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ነው። የጭስ ማውጫው የውኃ ቧንቧ ነበር። የካቢኑን በር ከላሜራ በየድኩት። የባኬቱን ጥርስ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጬ ሠራሁ። ባሌስትራ ጠንካራ ነው፤ ድንጋይ ይችላል። ነገር ግን በቀዝቃዛው ከበየዳችሁት ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። አስቀድማችሁ አግሉት፤ ከበየዳችሁ በኋላም ውኃ አታፍስሱበት፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ትኩስ አመድ አልብሱት። ይህን እናቶቻችን እሳት ሲያዳፍኑ አይተን የምናውቀው ነው።

ፒን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። የድሮው ባለቤት የክንዱን (የቡሙን) ፒን በፌሮ ተክቶት ነበር። ስናወጣው ጎብጦ እንደ ማጭድ ሆኗል፤ ያ ክንድ በስንት ሰው አናት ላይ ሲወዛወዝ እንደኖረ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ፌሮ ለኮንክሪት የተሠራ ብረት ነው፤ እንዲህ ያለ ሸክም ይዞ እንዲሽከረከር አልታሰበም። እኔ ከጭነት መኪና የኋላ አክሰል የወጣ ዘንግ ገዝቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ያ ዘንግ ዕድሜውን ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይል የቻለ ብረት ነው። ላዩ ጠንካራ በመሆኑ የቶርኖውን ቢላ ስለሚፈትን ባለሙያው አጉረመረመ፤ ሠራው ግን። በካሊፐር ለክተን፣ ሞላላ የሆነውን ቀዳዳ በብየዳ ሞልተን በትክክል አስቦርቡረን፣ አዲስ ቡሽ አስገባንበት። ፒን ከአሮጌ ብረት ሊሠራ ይችላል። ብረቱ ግን ከድሮው የማያንስ፣ ልኩም የተለካ ይሁን፤ «ገባልኝ፣ ይበቃል» አይሠራም።

አሁን ወደ ሃይድሮሊኩ ልምጣ፤ ዛሬ እዚህ ያመጣኝ እሱ ነው።

የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ገደማ ግፊት አለው። በባክሆ ሆዝ ውስጥ ያለው ዘይት ሥራ ላይ ከ200 ባር በላይ ይደርሳል። መቶ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ለመያዝ በውኃ ጎማና በማጥበቂያ ቀለበት የሚሞክር ሰው አይቻለሁ፤ በተራ የውኃ ቧንቧ ብረት የሞከረም አይቻለሁ። እባካችሁ አትሞክሩ። ሆዝ አዲስ ይገዛል፤ ጫፉም በመጭመቂያ ማሽን ይታሰራል፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው ግፊት ይነበባል። ከጠቅላላ ወጪዬ ከግማሽ በላዩን የወሰዱት ፓምፑና ሆዞቹ ናቸው፤ አልቆጨኝም። መቀመጫና በር ላይ የቆጠብኩት ለዚህ ነበር።

ከዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሆዝ አይቶ ቀዳዳውን ለማግኘት በጣቱ ዳሰሰው። ሞተሩ እየሠራ ነበር። «መርፌ እንደ ወጋኝ ሆነ» አለ። ጣቱ ላይ የምትታየው ነጥብ ትንኝ የነከሰችው ትመስላለች፤ ደምም አልነበራትም፤ ብዙም አላመመውም። አንድ የጤና ተቋም ሄደ፤ ቁስሉን ጠርገው በፋሻ አስረው መለሱት። በማግስቱ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ጠቆረ። ዘይቱ ቆዳውን በስቶ በሥጋውና በጅማቱ መካከል ተሰራጭቷል። ሁለት ጣቶቹን አጣ። እኔ ያኔ አለቃው ነበርኩ፤ አላስተማርኩትም ነበር። ይህን ሸክም እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ።

ስለዚህ የሚያፈስ ቦታ የምትፈልጉት በካርቶን ቁራጭ ነው። ካርቶኑን በእንጨት ጫፍ ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ በሆዙ አጠገብ አሳልፉት፤ ዘይቱ ካርቶኑን ያርሰዋል ወይም ይበሳዋል። ዘይት የወጋው ሰው ካለ ደግሞ ጣቱ ጤነኛ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ለሐኪሙም «ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ገብቶበታል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ሰዓታት ማለት ጣት ናቸው።

ሆዝ ከመፍታታችሁ በፊትም ክንዱን፣ ባኬቱን፣ ሎደሩን ሁሉ መሬት አስነኩት። ሞተሩን አጥፉ። ከዚያ ማንሻዎቹን ወዲህና ወዲያ አንቀሳቅሱ፤ የታመቀው ግፊት ይወጣል። ሎደሩን አንሥታችሁ ሥሩ መሥራት ግድ ከሆነ፣ ሲሊንደሩን አትመኑ፤ የብረት ድጋፍ አስገቡ። የናፍጣ ታንክ መበየድ ያለበት ሰው ባዶ ታንክ ከሙሉ ይልቅ እንደሚያስፈራ ይወቅ፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና። ሳይታጠብ፣ ውኃም ሳይሞላበት እሳት አይቅረበው።

የተቃጠለ ዘይትስ የት ትጥላላችሁ? ግቢ ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ፣ መንገድ ዳር። ሐዋሳ ሐይቅ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባበት ዘይት ወደ ሌላ አገር አይሄድም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የምንበላው ዓሣ ከዚያው ይወጣል። እኔ ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅሜ መልሰው ለሚጠቀሙበት ሰዎች እሰጣለሁ። አንድ ጀሪካን ግቢ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይቸግራል?

የመጨረሻው ነገር ይህ ደብተር ነው። ማሽኑ ላይ የሠራሁትን፣ ከየት ያመጣሁትን፣ መቼ እንደቀየርኩት ጽፌበታለሁ። የፌሮውን ፒን ያስገባው ሰው ቀለም ቀብቶበት ነበር የሸጠው። ማሽኔን ነገ የሚገዛው ሰው የቱ ኦሪጅናል፣ የቱ የእኔ እጅ ሥራ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው፤ ሥሩ የሚቆመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ክንዱ መሬት ነክቷል። ካርቶኖቹ እዚያ ናቸው፤ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ያዙ።