የእንግዳ ሰንበት



ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ በቢሾፍቱ፥ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር፥ ኢሬቻ ይከበራል። ክረምቱን ላሳለፈ ፈጣሪ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ምስጋና ለማቅረብ ከወለጋ ሳይቀር ሕዝብ ይጎርፋል፤ አልጋውም ምግብ ቤቱም ይሞላል። በዚያ ቀን ዋጋ መቆለል ለአንድ ሰንበት ትርፍ የከተማን ስም መሸጥ ነው።

ከገንዘብ የሚበልጥ ግን ነፍስ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲሸሽ ብዙ ወገኖቻችን በመረጋገጥ ሞተዋል። ስለዚህ እንግዳ ለሚበዛበት ስፍራ መውጫው ሰፊ፥ ጠባቂውም ታጋሽ ሊሆን ይገባል።

እኛ የጉቴ ልጆችም ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነንና ለመንገደኛው ንጹሕ ውሃና እውነተኛ ዋጋ እናቅርብለት።