ሳይነኩ ማጽዳት
(ስለ ሌንስና ስለ ሌሎች የመስተዋት መሣሪያዎች አጠባበቅ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግሬ ርእስ ላይ ላዩን ሲመለከቱት ቀላል ይመስላል። ነገሩ ሌንስ ስለ ማጽዳት ነው። በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰብነው መካከል ፎቶግራፍ የሚያነሣውም፣ በማይክሮስኮፕ ደም የሚመረምረውም፣ በቴዎዶላይት መሬት የሚለካውም ሌንስ ሲወለውል የኖረ ነው። ስለዚህ «ይህን የማያውቅ ማን አለ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ ልናስተውለው የሚገባ አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም ቆሻሻ በሌንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ሲሆን፣ ያላግባብ ማጽዳት የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከቶ የማይመለስ መሆኑ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰ እህል እንኳ ይለቀማል፤ ከመስተዋት ላይ የተፋቀ ቅብ ግን አይለቀምም።

የምንወለውለው ነገር ምን እንደሆነ በቅድሚያ እንመልከት። ምንም ያልተቀባ መስተዋት ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ 4 በመቶ ያህሉን ወደ መጣበት ይመልሳል። ይህ በአንድ ገጽ ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አንድ የካሜራ ሌንስ ተነጣጥለው የተቀመጡ 6 መስተዋቶች ቢኖሩት ብርሃኑ 12 ገጾችን ማለፍ አለበትና፣ በመጨረሻው ከገባው ብርሃን 61 በመቶ ገደማ ብቻ ይደርሳል። የቀረው ከገጽ ወደ ገጽ እየተንጸባረቀ ከፊሉ በሥዕሉ ላይ ጭጋግ ሆኖ ይወድቃል።

የዚህ ችግር መፍትሔ የተገኘበት ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን ትምህርት አለው። እንግሊዛዊው የሌንስ ሊቅ ዴኒስ ቴይለር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ገጻቸው በእርጅና የወየበ አሮጌ ሌንሶች ከአዲሶቹ ይልቅ ብዙ ብርሃን ያሳልፉ ነበር። ሌላው ሰው እንደ እድፍ ቆጥሮ ሊፍቀው የሚቸኩለው ያ ስስ ገጽ ነጸብራቅን የሚቀንስ ጠቃሚ ሽፋን ሆኖ ተገኘ። ከዚያም በ1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሌክሳንደር ስማኩላ በጀርመን አገር በዛይስ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ መስተዋትን ስስ ቅብ የማልበስን ዘዴ አስገኘ። ዛሬ በሌንሶቻችን ላይ የምናየው ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ነጸብራቅ የዚያ ዘዴ ፍሬ ነው።

የዚህ ቅብ ውፍረት ምን ያህል ነው? በሰፊው የታወቀው የማግኒዥየም ፍሎራይድ ነጠላ ቅብ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ፣ ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥር ሺሕኛ ነው። የሰው ጠጉር ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል። እንግዲህ ጨርቅ ይዘን ሌንስ ስንወለውል እጃችን የሚያርፈው በጠንካራው መስተዋት ላይ ሳይሆን በዚህ ስስ ልብስ ላይ ነው። ይልቁንም ቅብ በተጀመረበት ዘመን የተሠሩት ሌንሶች ቅባቸው ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይፋቃል። እንዲህ ያለ አሮጌ ሌንስ በእጁ ያለ ሰው ጥንቃቄውን እጥፍ ሊያደርግ ይገባዋል።

ጠላቱ ደግሞ አቧራ ነው። አቧራ ስንል ለስላሳ ዱቄት ይመስለናል፤ ነገር ግን በውስጡ ኳርትዝ የተባለው የአሸዋ ድንጋይ ደቃቅ ቅንጣት ይገኛል። የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት በሞስ መስፈርት ኳርትዝ 7 ላይ ሲቆም፣ ተራ መስተዋት ከ5 እስከ 6 ባለው መካከል ይገኛል። በአንዳንድ ውድ ሌንሶች ውስጥ የሚገባው ፍሎራይት ደግሞ 4 ብቻ ነው። እንግዲህ አቧራ ያለበትን ሌንስ በደረቅ ጨርቅ መወልወል በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ብዙም አይለይም። የነጠላ ጫፍም፣ የሸሚዝ እጅጌም፣ የኪስ መሐረብም ለእጅ ቢለሰልሱ ሲውሉ የሰበሰቡትን አቧራ ይዘው ይመጣሉ። ጨርቁ ለስላሳ መሆኑ መስተዋቱን አያድነውም፤ የሚቧጭረው ጨርቁ ሳይሆን ጨርቁ የሚጎትተው ቅንጣት ነውና።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ላጽዳ?» ሳይሆን «ማጽዳት ያስፈልጋልን?» የሚለው መሆን አለበት። ባትሪ አብርቶ ሌንስን በአግድም የሚመለከት ሰው አዲሱን ሌንስ እንኳ በአቧራ የተሞላ አድርጎ ያየዋል። ፍርዱ መሰጠት ያለበት ግን በባትሪው ሳይሆን በሥዕሉ ነው። በፊተኛው መስተዋት ላይ ያረፉ ጥቂት የአቧራ ቅንጣቶች በሥዕሉ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጡም። የጣት አሻራና የቅባት ጭጋግ ግን ብርሃንን ይበትናሉ፤ በተለይ ፀሐይ ወይም መብራት ፊት ለፊት ሲኖር ጥቁሩን ግራጫ ያደርጉታል። ከካሜራው አካል ጋር በሚገጠመው የኋላ መስተዋት ላይ ያለ አሻራ ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ አቧራን ብዙ ጊዜ መታገሥ ይቻላል፤ አሻራንና ቅባትን ግን ማቆየት አይገባም፤ ሲቆዩ ይደርቃሉ፣ ለሻጋታም ምግብ ይሆናሉ።

ማጽዳት የግድ ሲሆን ሥራው በቅደም ተከተል ይሠራ። መጀመሪያ ነፋስ ነው። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ወናፍ ይዞ፣ ሌንሱን ወደ ታች አዘንብሎ፣ የሚነሣው አቧራ እንዲወድቅ ደጋግሞ መንፋት ያስፈልጋል። በአፍ መንፋት ምራቅ ስለሚረጭ አይመከርም። በቆርቆሮ የታሸገው አየርም ቆርቆሮው ሲዘነበል ወይም ሲናጥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይተፋልና አደጋ አለው። ሁለተኛው ለሌንስ ብቻ የተመደበ ለስላሳ የጠጉር ብሩሽ ነው። የብሩሹን ጠጉር በጣት መንካት አይገባም፤ የጣት ወዝ ከብሩሹ ወደ መስተዋቱ ይሻገራልና። አንዳንድ ጊዜም በሳሙና ታጥቦ፣ በሚገባ ተለቃልቆ መድረቅ አለበት። በእነዚህ በሁለቱ አቧራው ከተነሣና አሻራ ከሌለ ሥራው እዚህ ላይ ያብቃ።

አሻራ ወይም ቅባት ካለ ወደ ሦስተኛው ደረጃ እናልፋለን፤ ይኸውም ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ የማይጣስ ደንብ አለ። ፈሳሹ በሌንሱ ላይ አይንጠባጠብም፤ በሌንስ ወረቀት ወይም በንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይደረጋል። በመስተዋቱ ላይ የፈሰሰ ጠብታ በጠርዙ በኩል ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከገባም ሌንሱ ሳይፈታ አይወጣም። ከዚያ ከመሐል ጀምሮ እየዞሩ ወደ ዳር፣ እጅ ሳይጫኑ፣ በቀስታ ማበስ ነው። ወረቀቱ አንድ ጊዜ ካበሰ በኋላ ይጣላል፤ ጨርቁም ማለስለሻ በሌለው ሳሙና እየታጠበ በንጹሕ ከረጢት ይቀመጣል።

የትኛው ፈሳሽ? ለአብዛኛው ሥራ ለሌንስ ተብሎ የተዘጋጀው ወይም ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል። ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ መሥመርም ሊተው ይችላል። አረቄና ካቲካላ ከውሃው ሌላ በብዙ ነገር የተቀላቀሉ ስለሆኑ ለሌንስ አይሆኑም። አሴቶን ፕላስቲክንና ቀለምን ያሟሟል። የቤት መስኮት ማጽጃም ለቅብ የተዘጋጀ አይደለም። በአሮጌ ሌንሶች ውስጥ መስተዋቶቹ የተጣበቁት የካናዳ በለሳም በሚባል የዛፍ ሙጫ ስለሆነ፣ ብዙ አልኮል ወይም ኃይለኛ ፈሳሽ በጠርዝ በኩል ቢደርስበት ማጣበቂያው ይላላል።

ጭራሽ የማይነኩ ቦታዎችም አሉ። ባለ መስተዋት ካሜራ በውስጡ ያለው መስተዋት እንደ ቤት መስተዋት ብሩ ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ የተቀባ ስለሆነ በጨርቅ ቢነካ ይፋቃል። የትኩረት ሰሌዳውና የመጋረጃው ስስ ቅጠሎችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህን ከለዘብተኛ ነፋስ በቀር ምንም አይንካቸው። በዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባዩ ላይ አቧራ መኖሩን ለማወቅ ቀዳዳውን ወደ 16 ወይም 22 አጥብቦ ነጭ ወረቀት ማንሣት ነው፤ አቧራው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ማጽዳቱ የሚደረገው ባትሪው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው፤ በሥራው መካከል ኃይል ቢያልቅ መጋረጃው በመሣሪያው ላይ ይዘጋልና።

የከዋክብት ተመራማሪዎችን ልማድ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በሃዋይ በማውና ኬያ ተራራ ላይ የተተከሉ ትልልቅ ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው በጨርቅ እንደ ዕቃ አይወለወልም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ እየተነፋበት አቧራው ሳይነካ እንዲረግፍ ይደረጋል። በዓለም ላይ ካሉት ውድ መስተዋቶች ጋር የሚውሉ ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ከመንካት የሚቆጠቡ ናቸው።

በላቦራቶሪ ለምትሠሩ ባልደረቦች ጥቂት ልጨምር። በወባ ምርመራ ላይ የምትጠቀሙበት የ100 እጥፍ ሌንስ በዘይት ውስጥ ገብቶ ይሠራል። የ40 እጥፉ ግን የደረቅ ሌንስ ነው። ሌንሶቹ ሲዞሩ የ40 እጥፉ በስላይዱ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ እየተጎተተ ያልፋል፤ ከዚያም ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ሠራተኛውም መሣሪያው አረጀ ብሎ ይደመድማል። ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ 7 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ በውስጡ የምትገኘው ወጣት የወባ ተሐዋሲ ከዚያ በጣም ታንሳለች። በደበዘዘ ሌንስ ያልታየች ተሐዋሲ ማለት ያልታከመ ሕመምተኛ ማለት ነው። ስለዚህ በየዕለቱ የሥራ መጨረሻ ዘይቱን በሌንስ ወረቀት መጥረግ ያስፈልጋል። ቆሻሻው የት እንዳለ ለማወቅም ዘዴው ቀላል ነው፤ የዓይን ሌንሱን ሲያዞሩት ነጥቡ አብሮ ከዞረ ቆሻሻው እርሱ ላይ ነው። የዓይን ሌንሱን አውጥቶ ገልብጦ በመያዝ ደግሞ እንደ ማጉያ መስተዋት የ40 እጥፉን ፊት መመርመር ይቻላል። ዛይሊን በብዛት መጠቀም ማጣበቂያውን ይጎዳል፤ ትነቱም ለሠራተኛው ጤና አደገኛ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አገራችን አየርና ልማድ። በበጋ አቧራው፣ በክረምት እርጥበቱ ይፈታተነናል። የአየር እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ አልፎ ሲቆይ ሻጋታ በሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ የሚያወጣው አሲድም መስተዋቱን ይበላል። የተበላ መስተዋት ቢጸዳ እንኳ ጠባሳው አይጠፋም። የቆዳ ማኅደር ለጉዞ እንጂ ለማከማቻ አይሆንም፤ እርጥበት ይይዛልና። አየር የማያስገባ ሣጥን፣ በውስጡም ሲሊካ ጄልና አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ አኑሮ ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መጠበቅ ተገቢ ነው። ሰማያዊው ጄል ወደ ሮዝ ሲለወጥ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነውና በ120 ዲግሪ ገደማ ለጥቂት ሰዓታት ይድረቅ። ቀለሙ ኮባልት ያለበትና መርዛማ ስለሆነ ምግብ በሚበስልበት ምድጃ አይሁን። ሻጋታ የያዘው መሣሪያ ከጤነኞቹ ይለይ፤ ውስጡንም ባለሙያ ይፍታው።

በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ የዋለ ፎቶግራፍ አንሺ ጠበሉ ሲረጭ ካሜራውም አብሮ ይጠመቃል። ያን ጊዜ ጠብታውን በወረቀት ጫፍ ማስጠጣት እንጂ መፈግፈግ አይገባም። በዳሎል የሠራም ሰው በሌንሱ ላይ የጨው ቅንጣት ሊያርፍበት ይችላል። ጨውን በደረቁ ማበስ መቧጨር ነው፤ በተጣራ ውሃ በረጠበ ወረቀት አሟሙቶ ማንሣት ያሻል። የዕጣንና የጧፍ ጢስ የሚተወው ጭጋግ ቅባትነት ስላለው በአልኮል ይለቃል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ አፋር ሙቀት የሚወርድ መንገደኛም ካሜራው እስኪሞቅ ድረስ ከተዘጋ ከረጢት ባያወጣው ይሻለዋል፤ አለዚያ ጤዛ ይለብሳል።

ባልደረቦቼ፤ በየሥራ ቤታችን ጠዋት ጠዋት ሌንስ መወልወል የትጋት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ለማጅ ሠራተኛም መጀመሪያ የሚታዘዘው ይህን ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ልማዱ ይለወጥ የሚል ነው። ለማጁ አስቀድሞ መክደኛ መክደንን፣ ወናፍ መያዝንና መመርመርን ይማር፤ ጨርቅ መያዝን በመጨረሻ ይማር። እያንዳንዱም ክፍል አንድ ደብተር ይክፈት፤ የትኛው ሌንስ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ምክንያትና በምን ፈሳሽ እንደ ጸዳ ይመዝገብበት። ምክንያቱን መጻፍ ያልቻለ ሰው ሌንሱን ሳይነካ ክዳኑን መልሶ ይግጠምበት። ሲተካ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ፣ አንዳንዱም ምትክ የማይገኝለት መሣሪያ በእጃችን ነው። ከኛ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ገጹ ያልተፋቀ መስተዋት ማስረከብ የሙያችን ግዴታ መሆኑን በማሳሰብ ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።