ፈጥኖ የሚያድግ ድርጅትና የመሐንዲሶቹ የሥራ ልማድ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን ክብደት አስቀድሞ ያሰላል፤ ካሰላውም በላይ ለጥንቃቄ መጠባበቂያ ይጨምራል። ድልድዩ ከተመረቀ በኋላ በየወሩ እጥፍ እየሆነ የሚመጣ መንገደኛ አይገጥመውም። መንገደኛው እየተሻገረ ሳለም ምሰሶውን ነቅሎ በሌላ እንዲተካ ማንም አያዝዘውም። የማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያ መሐንዲስ ግን የዕለት ተዕለት ሥራው ይኸው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በመካከላቸው ያበጁትን ልማድ፣ ድርጅቱ ሲያድግም ልማዱ የደረሰበትን መመርመር ነው። ለምሳሌነት በይበልጥ የተመረጠው ፌስቡክ ነው፤ መሐንዲሶቹ ስለ አሠራራቸውም ሆነ ስለ ውድቀታቸው በየጊዜው በጽሑፍ አስታውቀዋልና። ዘመናቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

ከፌስቡክ በፊት ፍሬንድስተር የሚባል ድርጅት ነበር። በ2003 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዘገቡበት፤ ችግሩም የመጣው ከዚሁ መልካም ዕድሉ ነው። ኮምፒዩተሮቹ አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ወዳጁን፣ የወዳጁን ወዳጅ፣ ከዚያም አልፎ እስከ አራተኛ ደረጃ ያለውን ትውውቅ ማስላት ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ስሌት ሰው በተጨመረ ቁጥር የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። ገጾቹ እየዘገዩ ሄዱ፤ ተጠቃሚውም መጠበቅ ሰለቸውና ወደ ሌላ ሄደ።

ፌስቡክ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2004 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ለየዩኒቨርሲቲው የተለየ የመረጃ ቋት ነበረው። ይህ አርቆ ማሰብ ይሁን የተማሪ ቀላል ብልሃት ማከራከሩ አይቀርም፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ሲጨመር አዲስ ማሽን ይጨመራል፤ ማሽኑ ካልተዘጋጀ ዩኒቨርሲቲው ይጠብቃል። የዕድገቱ ልጓም በሠሪዎቹ እጅ ነበር ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2006 በሩ ለሁሉም ተከፈተ። በኦገስት 2008 የተጠቃሚው ቁጥር 100 ሚሊዮን፣ በሴፕቴምበር 2012 ደግሞ 1 ቢሊዮን ደረሰ። ልጓሙም ከእጅ ወጣ።

በእነዚያ ዓመታት የድርጅቱ መፈክር «ፍጠን፤ ነገር ስበር» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ግዴለሽነትን ብቻ ያያል። ከመፈክሩ ጀርባ ግን ጥብቅ ልማዶች ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ መሐንዲስ፣ የቀድሞ ልምዱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ «ቡትካምፕ» በሚባል የስድስት ሳምንት ማለማመጃ ያልፍ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነተኛ ስሕተት ተሰጥቶት ያርማል፤ እርማቱም በሚሊዮኖች ወደሚጠቀሙበት ሥራ ይገባል። የሚሠራበትን ክፍል የሚመርጠው በማለማመጃው መጨረሻ ነው። ለወራት መመሪያ ሲያነብና የአለቃ ፊርማ ሲጠብቅ የከረመ ወጣት መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ቢቀና አይፈረድበትም።

ሆኖም እምነቱ ያለ ዋስትና አልተሰጠም። አንድ መሐንዲስ የጻፈው ኮድ በባልደረባው ሳይመረመር አይወጣም። ለውጡ ለሕዝብ በሚለቀቅበት ሰዓትም ጸሐፊው ራሱ በመገናኛው መስመር ላይ መገኘት ነበረበት፤ ካልተገኘ ለውጡ ከሚለቀቀው ውስጥ ይወጣል። ከደንቦቹ ሁሉ ከፍተኛውን ግምት ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስላል። በብዙ መሥሪያ ቤት አንድ ሥራ ሲበላሽ አምስት ፊርማ ይገኛል፤ ሠሪው ግን አይገኝም። እዚያ ፊርማው ቀርቶ ሠሪው ይገኝ ነበር።

በ2008 የቀጥታ መልእክት መለዋወጫውን ከማስጀመራቸው በፊት ደግሞ በተጠቃሚዎቹ ገጽ ውስጥ የማይታይ ጥያቄ አኖሩ። ተጠቃሚው ሳያውቅ ገጹ ወደ አዲሶቹ ሰርቨሮች ይጠይቃል፤ ሰርቨሮቹ ይመልሳሉ፤ በመስኮቱ ላይ ግን ምንም አይታይም። በዚህ መንገድ ድልድዩ ከመመረቁ በፊት ሙሉውን ክብደት ቀመሰ። ብልሃቱ ያስደንቃል። «ተጠቃሚው ሳያውቅ» የሚለው ሐረግ ግን ኋላ ስለሚያስፈልግ ይታወስ።

ልማዱ ክፉኛ የተፈተነው በሴፕቴምበር 23 ቀን 2010 ነው። ድርጅቱ በጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ የተሳሳተ እሴት ሲገኝ ከዋናው ቋት ትክክለኛውን አምጥቶ የሚተካ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ነበረው። በዚያ ቀን በዋናው ቋት ያለው እሴት ራሱ ተቆጣጣሪው ስሕተት ነው ወደሚለው ተለወጠ። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስሕተት አየን ብለው ወደ ቋቱ ተመሙ። ቋቱ በሴኮንድ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ወረዱበትና መመለስ ተሳነው። ማሽኖቹ ያንንም አለመመለስ እንደ ሌላ ስሕተት ቆጥረው ይበልጥ ጠየቁ። ሐኪሙ በሽታውን ያባባሰው ሆነ። ጥያቄው እንዲቆም መላውን አገልግሎት ከመዝጋት በቀር መፍትሔ አልተገኘም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህልም ፈጀ። በዚያው ቀን የምህንድስናው ኃላፊ ምክንያቱን ዘርዝሮ ለሕዝብ ጻፈ፤ ተቆጣጣሪው ፕሮግራምም እንዲቆም ተደረገ።

ከእንዲህ ያሉ ብልሽቶች በኋላ ጥያቄው «ማን ሠራው?» ሳይሆን «ስንት ጊዜ ቆይተን አወቅን? ትክክለኛው ሰው ዘንድ እንዴት ደረሰ? በምን ተጠገነ? ዳግም እንዳይመጣ ምን ይደረግ?» የሚል እንዲሆን ተደነገገ። በ2015 ከድርጅቱ መሐንዲሶች አንዱ ቤን ማውረር ባሳተመው ጽሑፍ የብልሽቶችን መዝገብ መርምሮ አንድ የሚያስፈግግ ነገር አገኘ። በሳምንቱ መጨረሻ የተጠቃሚው ብዛት ሳይቀንስ ብልሽት ይጠፋል። በስድስት ወር ውስጥም ብልሽት ያልታየባቸው ሳምንታት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው የገና ሳምንት፣ ሁለተኛው ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የሥራ አስተያየት የሚጻጻፉበት ሳምንት ነው። መሐንዲሶቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ ሥርዓቱ ደኅና ያድራል ማለት ነው። ግን እጅን መሰብሰብ ማደግንም ማቆም ነው።

ለዚህ ሁሉ ሌላ መልስ የሰጠ ድርጅት አለ። ዋትስአፕ በፌብሩዋሪ 2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር በፌስቡክ ለመገዛት ሲስማማ 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ ነበረው፤ መሐንዲሶቹ ግን 32 ብቻ ነበሩ። መሥራቾቹ ጃን ኩምና ብራያን አክተን ማስታወቂያም ጨዋታም አንጨምርም ብለው መልእክት ማድረስን ብቻ ያዙ። ለስልክ ማዞሪያዎች በተፈጠረው በኤርላንግ ቋንቋ ጻፉት። ጥቂት ነገር የሚሠራ ጥቂት ሰው ይበቃዋል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ገንዘብ በበዛበት ዘመን «አንጨምርም» ማለት ግን ከኤርላንግ ይከብዳል።

በዚያው ዓመት በኤፕሪል ፌስቡክ የቀድሞ መፈክሩን ተወና «በጸና መሠረት ላይ ፍጠን» አለ። እንደ መፈክር ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ምህንድስና ግን የበሰለ ነው። በ2017 የኮድ አለቃቀቁ ደረጃ ተሠርቶለት ነበር። ለውጡ በመጀመሪያ ለድርጅቱ ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ከተጠቃሚው መቶ ሁለቱ ለሚሆኑት፣ ግራፉ ካልተዛባ ለሁሉም ይለቀቃል። ከተዛባ ይመለሳል። የፍጥነታቸው ምሥጢር ድፍረት አልነበረም፤ ስሕተትን ቶሎ አይቶ ቶሎ መመለስ መቻል ነበር።

ውድ አባላት፤ የዚህ ልማድ ድንበርም እዚሁ ላይ ነው። ግራፉ ላይ የማይታይ ስሕተት አይመለስም። በኦክቶበር 2017 ድርጅቱ በስሪ ላንካ፣ በቦሊቪያ፣ በስሎቫኪያ፣ በሰርቢያ፣ በጓቴማላና በካምቦዲያ አንድ ሙከራ አደረገ፤ የጋዜጦችንና የድርጅቶችን ጽሑፍ ከዋናው ገጽ አውጥቶ በሌላ ገጽ አኖረ። የሙከራው ዘዴ ከዚያ ከመቶ ሁለቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ናሙናው አገር ሆነ። በእነዚያ አገሮች የነበሩ አነስተኛ የዜና ድርጅቶች አንባቢያቸው በአንድ ሌሊት ሲሸሽ ምክንያቱን ማን ይንገራቸው? ሙከራው በማርች 2018 ሲቆም ድርጅቱ ራሱ ጠቃሚ መረጃ ማግኘትን እንዳከበደና ሙከራውን በግልጽ እንዳላስታወቀ የደረሰውን ቅሬታ ተቀበለ። ሰርቨርን ሳያስታውቁ መፈተን ብልሃት ነው። ጋዜጣን ሳያስታውቁ መፈተን ሌላ ነገር ነው፤ መሐንዲሱ የተጠቀመው መሣሪያ ግን ያው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ጎልቶ የሚያሳዩት ሁለት ተከታታይ ቀናት ናቸው። በኦክቶበር 4 ቀን 2021 ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የድርጅቱን የመረጃ ማዕከሎች የሚያገናኘውን ዋና መስመር በሙሉ ቆረጠ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተሠራው መመርመሪያ ራሱ ጉድለት ነበረበት። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፉ። መሐንዲሶቹ ከሩቅ መግባት ስላልቻሉ ወደ ማዕከሎቹ በአካል ሄዱ፤ እዚያም ሰው እንዳይገባ ራሳቸው ያጠበቁት ጥበቃ አዘገያቸው። ለአደጋ ጊዜ ብዙ ልምምድ ያደርጉ ነበር፤ ዋናው መስመር በሙሉ ሲጠፋ ግን ተለማምደው አያውቁም ነበር።

በማግሥቱ፣ በኦክቶበር 5 ቀን፣ የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርባ መሰከረች። ጽሑፎችን በሚያስነሡት ምላሽ ብዛት ቅደም ተከተል የሚያስይዘው ስሌት እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የጎሣ ግጭትን እንደሚያራግብ ተናገረች። አንድ ጽሑፍ ብዙ ምላሽ ሲያገኝ ግራፉ ይወጣል። ምላሹ ቁጣ ይሁን ሐዘን፣ አማርኛውን የሚያነብ ሰው ካልነገረው በቀር፣ የሚወጣ ግራፍ በራሱ ለመሐንዲሱ የብልሽት ደወል አይደውልለትም።

በዚያው ዕለት የድርጅቱ መሐንዲሶች ዋናው መስመር እንዴት እንደተቆረጠ፣ መመርመሪያውም ለምን እንዳላገደው ደረጃ በደረጃ ዘርዝረው አሳተሙ። የድርጅቱ መሪ ማርክ ዙከርበርግ በበኩሉ፣ በዚያው ዕለት፣ ስለ ድርጅቱ እየተሳለ ያለው ሥዕል እውነት አይደለም ሲል ጻፈ።