ምከረው፣ ምከረው፦ ልምድ፣ መሣሪያና ይሉኝታ በፓራሹት ዘላዮች መካከል

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የገለጻው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ብዙዎቻችሁ በመተላለፊያው ላይ አስቁማችሁ «የፊዚክስ መምህርን ከአውሮፕላን ከመዝለል ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁኛል። መልሱ አጭር ነው። የዶክትሬት ትምህርቴን በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት በምከታተልበት ዘመን ቅዳሜና እሑዴን የማሳልፈው በበረሃው ውስጥ በሚገኝ አንድ የመዝለያ ሜዳ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ዘልያለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በዚያ ሜዳ ስለ ተማርሁት ነገር፣ በተለይም መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልሁበት አንድ ቀን ነው።

አስቀድሜ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ላስረዳ። በዚያ አገር በስፋት በሚሠራበት ዘዴ ጀማሪው በመጀመሪያ አንድ ቀን ያህል በመሬት ላይ ይማራል። ከዚያ ወደ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣና ሁለት አሠልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውት አብረውት ይዘላሉ። በነጻ ውድቀት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ከነፋሱ ጩኸት የተነሣ ቃል አይሰማም። አሠልጣኙ የሚናገረው በእጅ ምልክት ነው፤ ሁለት ጣቶቹን ቢዘረጋ «እግርህን ዘርጋ» ማለቱ ነው፤ እጁን ቢያንቀጠቅጥ «ሰውነትህን አላላ» ማለቱ ነው። ተማሪው ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ደቂቃ ከፍታ መለኪያውን እያየ፣ የተወሰነለት ከፍታ ላይ ሲደርስ ፓራሹቱን ራሱ ይከፍታል።

በአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ደንብ የመጀመሪያው የ«ኤ» ፈቃድ ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል፤ ከፍተኛው የ«ዲ» ፈቃድ ደግሞ 500። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ጀማሪ ሳለን እያንዳንዱ እንቅስቃሴያችን ይታያል፣ ይመዘገባል፣ ይታረማል። ፈቃድ ካገኘን በኋላ ግን ግራና ቀኝ የሚይዘን ሰው አይኖርም። ከእንግዲህ የሚያርመን ወይ ባልንጀራ ነው፣ ወይ መሬት ነው።

ወደ መሣሪያው ልለፍ። ዘላዩ በጀርባው የሚሸከመው ሁለት ፓራሹት ነው። ዋናውን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያጥፈዋል። መጠባበቂያውን ግን የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ፣ ተመርምሮ፣ እንደገና መታጠፍ አለበት። ዋናው ፓራሹት ቢበላሽ ዘላዩ በሦስት ተደራራቢ ቀለበቶች አማካይነት በቀላሉ ያላቅቀዋል። ይህን ብልሃት የፈለሰፈው ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ጀርመናዊው ሄልሙት ክሎት ሳይፕረስ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ይህ ትንሽ ኮምፒዩተር የአየሩን ግፊት እየለካ፣ ዘላዩ ከመሬት ከ250 ሜትር በታች ሆኖ አሁንም በከፍተኛ ፍጥነት የሚወድቅ ከሆነ የመጠባበቂያውን ማሰሪያ በራሱ ይቆርጠዋል። ራሱን የሳተ ሰው እንኳ በዚህ ምክንያት ይተርፋል።

ያው ቢል ቡዝ በዘላዮች ዘንድ «የቡዝ ሕግ» እየተባለ የሚጠቀስ አስተያየት አለው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ መሣሪያው ይበልጥ አስተማማኝ በሆነ ቁጥር ዘላዩ ይበልጥ ይዳፈራል፤ ስለዚህ የሟቹ ቁጥር ከነበረበት አይወርድም። አኃዙን ስናይ አባባሉ በሙሉ ልክ አልሆነም። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በዓመት በአማካይ ከ40 በላይ ዘላዮች ይሞቱ ነበር፤ በ2023 ግን 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላይ ተደርጎ የሞቱት 10 ናቸው። ሆኖም ቡዝ ያየው ነገር እውነትነት አለው። ዛሬ ከዋና ዋናዎቹ የሞት መንስኤዎች አንዱ በሚገባ በተከፈተና ምንም እንከን በሌለው ፓራሹት ሥር እያሉ በማረፊያ ላይ መከስከስ ነው። ፓራሹቱ መከፈቱ አስተማማኝ ሲሆን ሰዎች ትንሽና ፈጣን ፓራሹት መምረጥ ጀመሩ።

ይህን ምርጫ በስሌት እንየው። ከነመሣሪያው 200 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 190 ካሬ ጫማ ስፋት ባለው ፓራሹት ቢዘል በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ ላይ የሚያርፈው ክብደት 1.05 ፓውንድ ነው። ፓራሹቱን ወደ 135 ቢያወርደው 1.48 ይሆናል። የበረራ ፍጥነት ከዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚያድግ፣ በተመሳሳይ የፓራሹት ቅርጽ ፍጥነቱ ወደ 19 በመቶ ይጨምራል። መሬት ሲነካ አጥንቱ የሚቀበለው ጉልበት ደግሞ ወደ 41 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ትንሽ ፓራሹት ለእጅ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ሲጠመዘዝም ቁልቁል ይወረወራል። በከፍታ ላይ ይህ ደስታ ነው። ከመሬት 30 ሜትር ላይ ግን ስሕተትን ለማረም ጊዜ አይሰጥም።

የሰጠኋችሁ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ አይደሉም፤ የአንድ ባልንጀራዬ ናቸው።

ይህ ሰው ከእኔ በዕድሜም በልምድም ይበልጥ ነበር። ወደ ሜዳው በመጣሁበት ሰሞን ፓራሹት ማጠፍ ያስተማረኝ እርሱ ነው። በረጅሙ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ጨርቁን በክንዱ እያቀፈ፣ አየሩን እያስወጣ፣ ገመዶቹን እየለየ ሲያሳየኝ ከሰዓት በኋላው ያልቅ ነበር። ማኅበረሰቡ እንዲህ ያለ ነው። ነፋስ በርትቶ በረራ ሲቆም ሐኪሙ፣ መካኒኩና ተማሪው በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ለሁሉም ቢራ ይገዛል። ማታ እሳት ይነድዳል፤ ወሬው ሁሉ ስለ ዕለቱ ዝላይ ነው። ሲገናኙም ሲለያዩም «ሰማያዊ ሰማይ» ይባባላሉ፤ የሞተውንም የሚሰናበቱት በዚሁ ቃል ነው።

ከሁሉ የማረከኝ ልማድ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት አንዱ ዘላይ ጀርባውን ለአጠገቡ ሰው ይሰጥና የፓራሹቱን መዝጊያ ፒን እንዲያይለት ይጠይቃል። ሺህ ጊዜ የዘለለ ሰው ሠላሳ ጊዜ የዘለለውን «እባክህ ጀርባዬን እይልኝ» ይለዋል። ማንም አያፍርም፤ የራሱን ጀርባ ማየት የሚችል ሰው የለምና።

አንድ ዓርብ ማታ ባልንጀራዬ ያገለገለ ባለ 135 ፓራሹት በጥሩ ዋጋ እንዳገኘ ነገረኝ። ከ190 ተነሥቶ መካከለኞቹን መጠኖች ዘልሎ ነበር የወረደው። እኔም ማደሪያዬ ገብቼ አሁን የነገርኋችሁን ስሌት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሠራሁት። ቁጥሮቹን አይቼ ደነገጥሁ። በማግሥቱ ደብተሩ በኪሴ ነበር። ባልንጀራዬ ፓራሹቱን ሲያጥፍ አጠገቡ ቆሜ «እንኳን ደስ ያለህ» አልሁት።

ለምን ዝም አልሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። ያስተማረኝን ሰው ማስተማር ነውር መሰለኝ። የሚያውቀውን ቢያውቅ ነው አልሁ። እንግዳ ሰው ነኝ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ስሌት ይዤ ልምድ ያለውን ሰው ልገሥጽ ብል ይሥቁብኛል አልሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር፣ ባልንጀራዬ ወደ ነፋሱ ለመዞር ዝቅ ብሎ ተጠመዘዘ። በአሮጌው ፓራሹቱ መቶ ጊዜ ያደረገው መጠምዘዝ ነው። አዲሱ ግን መሬት ላይ ጣለው። ዳሌውና ሁለቱም እግሮቹ ተሰበሩ።

ሆስፒታል ስጠይቀው ስለ ስሌቱ ነገርሁት። እንዲያው ቅለለኝ ብዬ ይመስለኛል። ረጅም ጊዜ ጣራውን ሲያይ ቆየና «መቼ ነው ያሰላኸው?» አለኝ። «ዓርብ ማታ» አልሁት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን አላናገረኝም።

በእኛ አገር «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። ይህን ተረት የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከተጎዳ በኋላ እጃችንን ለመታጠብ ነው። ልብ በሉ፤ ተረቱ «ምከረው» የሚለው ሁለት ጊዜ ነው። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልመከርሁም።

ይሉኝታን ላወግዝ አልመጣሁም። ታላቅን ማክበር፣ ሰውን በአደባባይ አለማሳፈር መልካም ነገር ነው። ነገር ግን እነዚያ ዘላዮች አክብሮትንና እርማትን የሚያስታርቅ ሥርዐት ሠርተዋል። ጀርባውን የሚያስፈትሸው ታላቁ ራሱ ጠይቆ ስለሆነ ታናሹ ደፋር አይባልም። የማኅበሩ «ፓራሹቲስት» መጽሔትም የአደጋ ዘገባዎችን የተጎጂውን ስም ሳይጠቅስ፣ ምን እንደ ተደረገና ምን መደረግ እንደ ነበረበት ዘርዝሮ ያትማል። ሰውየው አይዋረድም፤ ስሕተቱ ግን አይሸሸግም።

በዩኒቨርሲቲያችንስ? ፒኤችዲ ከያዝን በኋላ ግራና ቀኝ የሚይዘን አሠልጣኝ የለንም። አንድ ተማሪ በሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ስሕተት አይቶ ዝም ቢል፣ አንድ ወጣት መምህር የታላቅ ባልደረባውን ጽሑፍ ጉድለት ደብተሩ ውስጥ ይዞ «እንኳን ደስ ያለዎት» ቢል፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ጀርባችንን አዙረን «እባክህ እይልኝ» ሳንለው ቀርተናል። ስለዚህ ላለፉት ዓመታት ማንኛውንም ጽሑፍ ከመላኬ በፊት በክፍሉ ከሁሉ ታናሽ ለሆነው ሰው እሰጣለሁ፤ «ሦስት ስሕተት ሳታገኝ አትመልስልኝ» እለዋለሁ። አንዳንዴ አምስት ያገኛል። አያስደስትም፣ ግን ይጠቅማል።

ባልንጀራዬ ከዚያ በኋላ አልዘለለም። በትር ይዞ ይራመዳል። ነገር ግን ከዓመት በኋላ ወደ ሜዳው ተመልሶ በማጠፊያው ምንጣፍ ዳር ወንበር ዘረጋ። አዲስ ፓራሹት ይዞ የሚገባውን ሁሉ «ክብደትህ ስንት ነው? ፓራሹትህስ?» ብሎ ይጠይቃል። ለስሌቱ የሚጠቀምበትን ወረቀት የጻፍሁለት እኔ ነኝ። ይቅርታ ማድረጉን ያወቅሁት ያን ወረቀት ጻፍልኝ ባለኝ ዕለት ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከተቻለ ከኋላ ከተቀመጡት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እንጀምር።