ከመዋጮ ነጻ ሲባል፣ የጎደለውን ማን ይሞላዋል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





ዛሬ የማነሣው ከአገራችን ርቆ ያለ ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ ዓሣ አስጋሪዎች የመረብ ካሳ። አባቶቼና እናቶቼ «ይህ ልጅ ጤፉንና ስንዴውን ትቶ ባሕር ውስጥ ምን ዶለው?» እንዳትሉኝ። በእኛም ስብሰባ ሁልጊዜ የሚያከራክረን ጥያቄ ስላለበት ነው። ለጋራ ገንዘብ ማን ያዋጣ? ማንስ ይቅርለት?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለችው በሉዊዚያና ግዛት ሽሪምፕ የሚያሰግሩ ሰዎች መረባቸውን የባሕሩን ወለል እያስነኩ በጀልባ ይጎትታሉ። በዚያው ውኃ የነዳጅ ኩባንያዎችም ይሠራሉ። የብስ ከማይታይበት ርቀት ላይ ነዳጅ የሰጠው የመጀመሪያው የባሕር ጉድጓድ የተቆፈረው እዚያ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውም፣ የተጣለው ብረትም በዛ። መረቡ ከአንዱ ጋር ከተያዘ ይቀደዳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ እዚያው ይቀራል። ታዲያ አስጋሪው ብረቱ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ በምን ይወቅ? ከሳሽ አለ፤ ተከሳሹ ግን ከውኃ በታች ነው።

መፍትሔው የጋራ ፈንድ ሆነ። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ሕግ፣ ከጠረፍ ራቅ ባለው ውኃ የነዳጅና የጋዝ ሊዝ፣ ፈቃድ ወይም የቧንቧ መስመር የያዙ ሁሉ የሚያዋጡበትን ፈንድ አቋቋመ። ሉዊዚያናም በ1979 ለራሷ የጠረፍ ውኃ የመረብ ካሳ ፈንድ መሠረተች። የፌዴራሉ ፈንድ የመሣሪያውን ጉዳት ይክሳል፤ በዚያ ሳቢያ ከቀረው ገቢም ግማሹን ይተካል። ይህ የሚሆነው ጥፋተኛው በማይታወቅበት ጊዜ ነው፤ ከታወቀ የሚጠየቀው እሱው ነው። አስጋሪው በራሱ ቸልተኝነት ያመጣው ጉዳትም አይካስም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። «በውኃው ውስጥ መስመር የሚያሳልፍ ሁሉ ይክፈል» ከተባለ፣ ለሕዝቡ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ የሚዘረጋው የአካባቢ መስተዳድርም እንደ ነዳጅ ኩባንያ ሊቆጠር ነው። እነሱ ፓሪሽ ይሉታል፤ በእኛ ወረዳ እንደማለት ነው። መስተዳድሩ ከክፍያው ነጻ ይሁን የሚሉ ወገኖች ጥሩ ምክንያት አላቸው። የመስተዳድሩ ገንዘብ ከነዋሪው የተሰበሰበ ግብር ነው፤ ከነዋሪዎቹም አንዱ አስጋሪው ራሱ ነው። እሱን ማስከፈል ተጎጂውን የገዛ ካሳውን እንዲያዋጣ ማድረግ ነው።

በሌላ በኩል መረብ የመንግሥትን ቧንቧ ከኩባንያ ቧንቧ አይለይም። የሉዊዚያና ጠረፍ ደግሞ እየተሸረሸረ ነው፤ ከ1932 እስከ 2016 ወደ 4,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ወደ ውኃነት ተለውጧል። ትናንት በረግረግ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ዛሬ ጀልባ በሚያልፍበት ቦታ ሊገኝ ይችላል። መስተዳድሩ ካልከፈለ ወይ የሌሎቹ ድርሻ ይጨምራል፣ ወይ ፈንዱ ይሳሳል። ፈንዱ ሲሳሳ የሚጎዳው መረቡ የተቀደደበት ሰው ነው።

እኔ ይህን ጉዳይ ከልቤ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። በምሠራበት ቀበሌ ገበሬዎች በጋራ ለገዟቸው የመድኃኒት መርጫዎች የጥገና መዋጮ ሲወሰን፣ «ማሠልጠኛ ማዕከሉ የመንግሥት ነው፣ የምንሠራውም ለእናንተው ነው፤ መዋጮው ይቅርለት» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነበርሁ። ገበሬው አክብሮኝ ተቀበለ። ነገር ግን መርጫዎቹን ከማንም በላይ የምንጠቀምባቸው እኛው ነበርን። በሁለተኛው ክረምት ሦስቱ ተበላሹ፣ ማሠሪያ ገንዘብ ታጣ፤ ተምች ሲገባ የአንዲት እናት ማሳ ተራ ሲጠብቅ ተበላ። ያኔ «ልጄ፣ የመንግሥት እጅ መርጫ አይሰብርም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ከመዋጮ ነጻ ማድረግ ስሕተት አይደለም። በዕድራችንም አቅም ላጣ ሰው መዋጮው ይቀርለታል። ነገር ግን ነጻ የምናደርገው ስሙን ወይም ማዕረጉን አይተን ሳይሆን ሥራውን አይተን ይሁን። መስተዳድሩ ለሕዝብ ውኃ ሲያደርስ ይቅርለት፤ መስመሩን ገቢ ሲያገኝበት ግን እንደማንኛውም ይክፈል። ከሁሉም በላይ፣ የአንዱ መዋጮ ሲቀር የጎደለውን የሚሞላው ማን እንደሆነ በዚያው ስብሰባ፣ በዚያው ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ካልተጻፈ የሚከፍለው ዝም ያለው ነው።

ውድ የዩኒየናችን አባላት፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ «ለእገሌ ይቅርለት» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ እኔም ባቀርበው፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የእኒያን እናት ጥያቄ ጠይቁልኝ።