ሩዝ የሚያድገው ተማሪ እረፍት ሲወጣ ነው
(በአቦምሳው የምሩቃን መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



"አቦምሳ ድረስ መጥቶ ስለ ሩዝ ያወራል እንዴ?" የምትሉ አትጠፉም። እዚህ ጤፍና ማሽላ እንጂ ሩዝ ብርቅ ነው። የአገራችን ሩዝ በብዛት ያለው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ኤክስ ጅግና ዛሬም እዚያ ይዘራል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ ነው።

የምስሉ ሥራ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ካሜራው ከማሳው በላይ በአንድ ከፍታ ይቆምና በየጥቂት ቀኑ ቁልቁል ያነሳል። ኮምፒዩተሩ በምስሉ እያንዳንዷ ነጥብ ላይ አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው ምን ያህል እንደሚበልጥ ያሰላል፤ ከዚያ መሬቱ ስንት በመቶ በቅጠል እንደተሸፈነ ይነግረናል። ሽፋኑ መጨመር ባለበት ጊዜ ካልጨመረ፣ ገበሬው ሁለተኛውን ዩሪያ ከመበተኑ በፊት ማሳውን ገብቶ ያያል። ዩሪያ ደግሞ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

አስቸጋሪው ማሳው ራሱ ነው። የተኛው ውኃ ሰማዩን ያንጸባርቃል። አረሙም አረንጓዴ ስለሆነ ካሜራው ሩዝ ብሎ ይቆጥረዋል! ብርሃኑም ከጠዋት እስከ ቀትር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ነጭ ካርቶን ከጎን አስቀምጦ ማንሳት ይሻላል። "ሳተላይት እያለ?" ትሉኝ ይሆናል። ሴንቲኔል 2 በየ5 ቀኑ ቢያልፍም፣ ሩዙ በሚያድግበት ክረምት ደመናው መች ያሳየዋል? በደመና ውስጥ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ እሱ ግን ቀለም አያይም።

እንግዲህ መምህራኖቼን የማስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ሩዝ ሰኔ አካባቢ ተዘርቶ ኅዳር አካባቢ ይታጨዳል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ዋናው የእድገት ጊዜ፣ ግቢው ባዶ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን ከኢንተርኔት ባወረዱት የእስያ ማሳ ምስል ይሠራሉ። የዚያ ማሳ አረም የእኛ አረም አይደለም፤ ዝርያውም ኤክስ ጅግና አይደለም። የፎገራ ልጅ ክረምቱን ቤተሰቡ ማሳ ላይ ቢያነሳና እንደ ተግባር ልምምድ ቢቆጠርለት ምን ይጎድልብናል? የአቦምሳ ልጅም ጤፉን ያንሳ፤ ስሌቱ ያው ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ ቋሚ እንጨትና አንድ ደብተር ነው። ያገለገለ ስልክ ያላችሁ ከምሳ በኋላ አናግሩኝ፤ ቻርጀሩን እንዳትረሱ።